ቀን ያለው ቃል ስጡን

በደብረ ብርሃን በተካሄደ የነጋዴዎች፣ የአምራቾችና የከተማ አስተዳደር የጋራ መድረክ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ ተጽፏል።

ክቡር ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የመምሪያ ኃላፊዎች፣ ነጋዴዎችና አምራቾች ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ገበያችሁን ትታችሁ፣ የዕለት ገቢያችሁን አሳልፋችሁ በዚህ ብርድ እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? ጥሩ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የከተማ አስተዳደር የአካባቢውን ንግድ እንዴት ይደግፍ?» የሚል ነው። እኔ በር፣ መስኮትና የተማሪ ዴስክ የምሠራ የብየዳ ቤት ባለቤት ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን፣ በእጄ የዳሰስኩትን እናገራለሁ። ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛው ከተማው ሲገዛ ከማን ነው የሚገዛው የሚል ነው። ሁለተኛው የሥራ ቦታ ነው። ሦስተኛው ግብር የሚጣልበት መንገድ ነው። ሦስቱንም የሚያስራቸው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቀን ነው። ነጋዴ የሚኖረው በቀን ነው። ብድሩ ቀን አለው፣ የቤት ኪራዩ ቀን አለው፣ የሠራተኛው ደመወዝ ቀን አለው። ቀን የሌለው ከአስተዳደሩ የሚሰጠን ቃል ብቻ ነው። ልመናዬ እሱ ነው፤ ቀን ያለው ቃል ስጡን።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ልግባ።

በ2002 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ እቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ቀበሌ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ኮብልስቶን ለመጥረብ መሠልጠን የሚፈልግ ይመዝገብ ይላል። አባቴ «ሴት ልጅ ድንጋይ ልትጠርብ?» አለ። እናቴ ዝም አለች። እኔ ሄጄ ተመዘገብኩ።

እዚህ ውስጥ ድንጋይ የጠረበ አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ? አያችሁ ስንት እንደሆንን?

ላልጠረባችሁ ልንገራችሁ። ጥቁሩ ድንጋይ ከካባ፣ ከድንጋይ ማውጫው፣ በመኪና መጥቶ ይራገፋል። ጆንያ ውስጥ ገለባ ሞልተን እሱ ላይ እንቀመጣለን። ድንጋዩን በእግራችን መሃል እናቆምና በመዶሻ ቀስ እያልን እንነካካዋለን። ድንጋይ ሥር አለው። ሥሩን ካገኘኸው በሁለት ምት ይከፈትልሃል፤ ካላገኘኸው ፍርስርስ ብሎ ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠር ደግሞ አይቆጠርልህም። የሚቆጠረው ፊቱ የተስተካከለው፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጠው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እጄ አብጦ እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ እናቴ አጉርሳኛለች። በሦስተኛው ወር ግን ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ የትኛው ድንጋይ እንደሚሰነጠቅ አውቅ ነበር።

ይህን የማነሳው ትዝታ ለማውራት አይደለም። ኮብልስቶን ከጀርመን የልማት ትብብር ጋር ተሞክሮ ወደ ብዙ ከተሞች የተዛመተ ሥራ ነው። ለከተሞች መሠረተ ልማት የዓለም ባንክ የደገፈው ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2008 በ19 ከተሞች ተጀምሮ፣ በኋላ 44፣ ከዚያም 117 ከተሞች ደረሰ። ከተሞች በየዓመቱ በሥራቸው እየተለኩ ገንዘብ ያገኙበት ነበር፤ ብዙዎቹም መንገዳቸውን በጥርብ ድንጋይ አነጠፉበት። እስቲ አስቡት። አስፋልት ብናነጥፍ ኖሮ ሬንጁ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ማሽኑ ከውጭ ይመጣል፣ ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ድንጋዩ ግን የኛ ነው፣ መዶሻውን የቀጠቀጠው የኛ ሰው ነው፣ ጠራቢው የኛ ልጅ ነው፣ ምሳውን የምታበላው የኛ እናት ናት። አንድ መንገድ ተሠራ፤ ገንዘቡ ግን ከከተማው ሳይወጣ አሥር ቤት ዞረ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ያ ሥራ እኔን ነጋዴ ያደረገኝ ክፍያው ከፍ ያለ ስለነበረ አልነበረም። ክፍያው ቀን ስለነበረው ነው! በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ይከፈላል። ቅዳሜ ማለት ቅዳሜ ነው። ቀኑ ስለማይዛነፍ ዕቁብ ገባሁ። ዕቁቤ ሲደርሰኝ የብየዳ ማሽን ገዛሁ። የዛሬው ቤቴ የቆመው በዚያች ቅዳሜ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የዚህ ከተማ ትልቁ ገዢ ማነው? አስተዳደሩ ራሱ ነው። ዴስክ ይገዛል፣ የጥበቃ ልብስ ይገዛል፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ የውሃ መውረጃ ፍርግርግ፣ የማኅተምና የወረቀት ሥራ፣ የስብሰባ ሻይ ቤት ዳቦ ሳይቀር ይገዛል። የተቀመጣችሁበት ወንበር የት ተሠራ? እኔ ስገባ ገልብጬ አይቻለሁ። ከዚህ አዳራሽ ሦስት መቶ ሜትር ሳይርቅ ወንበር የሚሠሩ አራት ቤቶች አሉ። ወንበሩ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

«ጥራት የለም፣ ብዛት አትችሉም» ትሉናላችሁ። በከፊል እውነት ነው፤ እቀበላለሁ። ግን ጨረታው ሲወጣ አምስት መቶ ዴስክ በአንድ ሎት፣ ማለትም ለአንድ ተጫራች በአንድ ጥቅል፣ የጨረታ ማስከበሪያው በሲፒኦ፣ በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ፣ ማስረከቢያው በሃያ ቀን ከሆነ፣ ከኛ መካከል ማን ይገባል? ማንም አይገባም። አምስት መቶውን በአምስት ሎት ክፈሉት። ልኩንና የብረቱን ውፍረት በግልጽ ጻፉ። ያበላሸውን ደግሞ በውሉ መሠረት ቅጡት። ያኔ ጥራት የለም የምትሉት ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ይለወጣል። ምክንያቱም ጥራት በስብከት አይመጣም፤ ደጋግሞ በመሥራት ነው የሚመጣው። እኔ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዴስኮቼ ይወዛወዙ ነበር። የዛሬዎቹ አይወዛወዙም።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰው ለማሳፈር አልመጣሁም።

አንድ ዓመት 120 ዴስክ እንድሠራ ውል ገባሁ። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ነሐሴ ላይ አስረክቢ ተባልኩ። ከብድርና ቁጠባ ተበድሬ ብረት ገዛሁ፣ ሰባት ሠራተኛ ይዤ ሌሊት ጭምር ሠራን። ነሐሴ 24 ቀን አስረከብኩ። ሞዴል 19፣ የንብረት መረከቢያ ደረሰኙ፣ ተቆረጠልኝ፤ የንብረት ክፍሉ ፈረመ። መስከረም ላይ ሄድኩ፤ «አለቃ ስብሰባ ናቸው»። ጥቅምት ሄድኩ፤ «ፋይሉ ግዢ ነው»። ኅዳር፤ «ፋይሉ ፋይናንስ ነው»። ታኅሣሥ፤ «ካሽ አልመጣም»። ጥር ላይ አንዱ ሠራተኛዬ፣ በብየዳ እጅግ ጎበዝ የነበረ ልጅ፣ «እህቴ፣ ያንቺን ችግር አውቃለሁ፤ የኔ ልጆች ግን አያውቁም» ብሎኝ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ገንዘቡ የተከፈለኝ ግንቦት ላይ ነው። ዘጠኝ ወር! የዘጠኝ ወር ወለድ ከፈልኩ፣ ብረት በዘጠኝ ወር ስንት እንደጨመረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በስሌት ከሄድን እነዚያን ዴስኮች በኪሳራ ነው የሠራኋቸው።

ልብ በሉልኝ፤ ማንም አልከለከለኝም። ማንም ጉቦ አልጠየቀኝም። ሁሉም በትሕትና ነው ያናገሩኝ። የጎደለው ቀን ብቻ ነው። እኔ በነሐሴ ባላስረክብ ለእያንዳንዱ ቀን የምቀጣው ገንዘብ ውሉ ላይ ተጽፏል። እነሱ ባይከፍሉ የሚደርስባቸው ነገር ግን የትም አልተጻፈም። ይህ ትክክል ነው? እኔ የምጠይቀው ብድር አይደለም፣ ድጎማም አይደለም። አስተዳደሩ ዕቃውን ከተረከበ በኋላ በሠላሳ ቀን ይክፈል። ያልተከፈለው ሁሉ በስምና በቀን ተዘርዝሮ በየወሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ አንድ ሳንቲም በጀት አይጠይቅም።

ወደ ሁለተኛው ከመሻገሬ በፊት ስለ ፋብሪካዎቻችን ትንሽ ልበል። ከተማችን በፋብሪካ የመጣ ከተማ ነው። አባቶቻችን የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ያውቃሉ፤ የመንዝ በግ ጠጉር ዋጋ ያገኘበት ዘመን ነበር። ዛሬ ቢራ ፋብሪካ፣ መስታወት ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን። ኢንቨስተር መምጣቱ ደስ ይለኛል፤ ቀይ ምንጣፍ ይነጠፍለት። ግን ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፤ «ከዚህ ከተማ ምን ትገዛለህ?» በሉልን። አንድ ፋብሪካ የሠራተኞቹን የልብስ ሎከር ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አስጭኖ ሲያመጣ አይቻለሁ፤ ያንን ሎከር እኛ እንሠራዋለን። ፋብሪካው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መኖራችንን አያውቅም። የሚያውቁን እናንተ ናችሁ። በዓመት ሁለቴ አገናኙን። የቢራ ፋብሪካዎች ከገበሬው ጋር በቢራ ገብስ ውል እንደሚገቡት ሁሉ፣ ከብየዳ ቤቱም ከልብስ ስፌቱም ጋር መዋዋል ይቻላል።

የሐዋሳን ነገር አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ ፓርክ ነው። በፈረንጆቹ 2022 መባቻ አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ገበያዋ ከምንገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ አንዳንድ ኩባንያዎች ጥለው ወጡ። ውሳኔው የተወሰነው ዋሽንግተን ነው፤ ሐዋሳ ላይ ቤት አከራይታ፣ እንጀራ ጋግራ ለሠራተኞቹ የምትሸጠዋን እናት ግን ማንም አላማከራትም። ትልቁ ሲሄድ ቆሞ የሚቀረው እዚሁ የተወለደው ትንሹ ነው። ትንሹ በብዙ እግር እንዲቆም ካላደረግነው ግን እሱም አብሮ ይወድቃል።

ሁለተኛው፤ የሥራ ቦታ።

የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ይተላለፋል፤ በጨረታ ሲሆን ብዙ ያቀረበ ይወስዳል። እኔ ከቤት ሠሪ ባለሀብት ጋር ተጫርቼ አላሸንፍም፤ ይህ የታወቀ ነው። ለዚህ ነው ሼድ፣ ማለትም የማምረቻ ቤት፣ የተሠራልን። ሼድ በረከት ነው፤ እኔም በሼድ ነው ያደግሁት፤ ያሠሩልንን አመሰግናለሁ። ግን ሼድ ስታስረክቡን መብራት አብራችሁ አስረክቡን። በአንድ የሼድ መንደር ጓደኞቼ ቁልፍ ተረክበው ትራንስፎርመር እስኪተከል ከዓመት በላይ ጠበቁ። ብየዳ ያለ ስሪ ፌዝ፣ ያለ ባለ ሦስት መስመር ኃይል፣ ምንድነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። መብራት የከተማው ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እኛ በየግላችን ሃያ ጊዜ ከምንመላለስ ግን ከንቲባው አንድ ጊዜ ስልክ ቢደውል ይፈጥናል። የከተማ አስተዳደር ማለት እኮ ለዚህም ጭምር ነው፤ እኛ በማንደርስበት በር የሚያንኳኳልን።

ደግሞ የውል ዘመኑ። አምስት ዓመት ሲሞላ ውጡ ይባላል፤ ተረኛ ወጣት አለ፤ ፍትሐዊ ነው፤ አልቃወምም። ግን ወዴት ነው የምንወጣው? ልጅ ከጡት ሲጣል ገንፎ ይዘጋጅለታል። አምስተኛው ዓመት ሳይደርስ፣ በአራተኛው ዓመት ላይ «አንቺ በዚህ ቀን ወደዚህ ቦታ ትዛወሪያለሽ» የሚል ወረቀት ብታገኝ አምራቿ ታቅዳለች፣ ትቆጥባለች፣ ማሽን ትጨምራለች። ወረቀቱ ከሌለ ግን በአራተኛው ዓመት ማሽን መግዛት ታቆማለች። እኔም አቁሜ ነበር።

አሁን በየከተማው የኮሪደር ልማት አለ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማን ይጠላል? መብራት ያለው መንገድ ማን ይጠላል? እኔም እወደዋለሁ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ የምሄድበት ነው። የምለምነው ሱቁ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት ቦታ ይዘጋጅ ነው። ደንበኛ በአንድ ቀን አይሠራም። ሻይ የሚጠጣ ሰው የሻይ ቤቷን እናት ፊት ያውቃል፤ ሦስት ወር ካጣት ሌላ ቤት ይለምዳል፤ ሌላ ቤት ከለመደ አይመለስም።

ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ ዋርዊክ የሚባል የታክሲና የባቡር መገናኛ አለ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ላይ የከተማው ሰዎች እዚያው ሥፍራው ላይ ጽሕፈት ቤት ከፍተው ከመንገድ ላይ ነጋዴዎች ጋር ቁጭ ብለው መከሩ። የባህል መድኃኒት የሚሸጡት አስፋልት ላይ ነበር የሚያድሩት፤ ሳይጨረስ የቀረ የመኪና ድልድይ ላይ ገበያ ተሠራላቸው። የበሬ ጭንቅላት ቀቅለው ለሚሸጡት ሴቶች ደግሞ ማብሰያ፣ ውሃና የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ያለው ቦታ ተዘጋጀ። ልብ በሉ፤ ሥራቸውን ለውጡ አልተባሉም፤ ሥራቸው ምን እንደሚፈልግ ተጠየቁ። በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2009 ላይ፣ እዚያው ቦታ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ታቅዶ ነጋዴዎቹ ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ቀረ። አሥር ዓመት የተገነባ መተማመን በአንድ ዕቅድ ሊፈርስ ምን ያህል እንደቀረበ አያችሁ?

የቦታ ነገር ከብድር ጋር ይያያዛል። ባንኩ ካርታ ይጠይቀናል፤ ካርታ የለንም። ግን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147/2011፣ አለ። ማሽንህን፣ ከብትህን፣ ክምችትህን አስይዘህ መበደር ትችላለህ ይላል። እዚህ ካለነው ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ሦስት እጅ። አያችሁ፣ ሦስት! ክቡር ከንቲባ፣ ከባንኮቹ ጋር ቁጭ አድርጉንና ይህን አስረዱን። አዋጁ ወጥቷል፤ ወረዳ ድረስ ግን አልወረደም።

ሦስተኛው ግብር ነው። በዚህ ላይ አልረዝምም።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት የተሠራውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በብዙ ከተማ ሱቅ የተዘጋበት ጊዜ ነው። ከጎኔ ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። ገማቾቹ የመጡት በገበያ ቀን ነው፤ በርጩማዎቿ ሁሉ ሞልተው ነበር። «ወይኔ፣ ዛሬ ባይመጡ!» አለችኝ። የዚያን ቀን ያዩትን ቆጠሩና በዓመቱ ቀናት አባዙት። ረቡዕ ዕለት ባዶ በርጩማ ይዛ ስትቀመጥ ማንም አልመጣም። ግብሯ ሲነገራት አላለቀሰችም፤ ስኒዎቿን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለለችና ዘጋች። ከሷ የሚገኘው ግብርም አብሮ ተዘጋ።

ግብር እንክፈል? እንክፈል! መንገዱ በግብር ነው የተሠራው፤ የእኔም የመጀመሪያ ደመወዝ በግብር ነው የተከፈለው። ግን ገማቹ በገበያ ቀንም ይምጣ፣ በጾም ቀንም ይምጣ፣ በክረምትም ይምጣ። ከነጋዴው መካከል የተመረጡ ሰዎች አብረውት ይኑሩ። ሐምሌ ላይ የምከፍለውን ሚያዝያ ላይ ንገሩኝ፤ ቅሬታ ካለኝ በግንቦት ላቅርብ፣ በሰኔ መልስ ላግኝ። በሐምሌ መጨረሻ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቁጥር አልስማ። የንግድ ፈቃድ እድሳቱም እንደዚሁ ነው። አንድ መስኮት ተብሎ ከተከፈተው ክፍል ገብቼ አምስት መስኮት አግኝቻለሁ፤ በአምስተኛው ላይ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ሲስተም ከሌለ «ነገ ሦስት ሰዓት ይኖራል፣ ያኔ ነይ» በሉኝ። እመጣለሁ። ዝም ብሎ «ነገ» ግን አትበሉኝ።

ከተማችን አሁን ሪጂዮ ፖሊታን ተብሏል፤ ከክልሉ ትልልቅ ከተሞች ተርታ ገብቷል ማለት ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ሰው ይመጣል፤ ከቀዬው የተፈናቀለም ብዙ ወገናችን እዚህ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ይፈልጋል። አስተዳደሩ ሁሉንም መቅጠር አይችልም፤ ማንም አይጠብቅበትም። ሰባት ሰው የምቀጥረው እኔ ነኝ፤ እሱ ሦስት ይቀጥራል፤ እሷ ሁለት ትቀጥራለች። እኛ ከቆምን እነሱም ይቆማሉ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ መድረክ መሪው እያየኝ ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሦስት ቀን ይዘን እንድንወጣ እለምንዎታለሁ። አንድ፣ ያልተከፈለን ሒሳብ የሚከፈልበትን ቀን። ሁለት፣ የሼዳችን ውል ለሚያልቅብን ሰዎች የምንዛወርበት ቦታ የሚነገርበትን ቀን። ሦስተኛውን ግን እኔ አልናገርም። እዚያ ከኋላ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱት እናታችን ገበያ ውስጥ ውሃ ባለመኖሩ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን በጀርባቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ ቦኖ ይተከላል ከተባለ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ጠዋት ሲገቡ «እኔ መናገር አልችልም፤ አንቺ ንገሪልኝ» አሉኝ። ይችላሉ። እባካችሁ ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። እማማ፣ ይነሱ፤ ለከንቲባው የሚጠይቁትን እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ።